የሕፃናት ክትባት መርሐ ግብር አሠራርና የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ድርሻ



በየአህጉረ ስብከቱ በምናካሂዳቸው የጤና ሥልጠናዎች ላይ ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። «ክትባቱን የሚያቀርበው መንግሥት ነው፤ የሚሰጠው የጤና ባለሙያ ነው፤ ታዲያ የሰበካ ጉባኤ ድርሻ በዐውደ ምሕረት ‹ልጆቻችሁን አስከትቡ› ብሎ ከማሳሰብ ያለፈ ምን ሊሆን ይችላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን አስቀድሞ መርሐ ግብሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ የሚበረታበትንና የሚደክምበትን ስፍራ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ትምህርት የመርሐ ግብሩን አሠራር ከላይ እስከ ታች ካየን በኋላ፣ አጥቢያችን በእጁ ያለውን መዝገብ ይዞ ሊሞላው የሚችለውን አንድ ክፍተት እናሳያለን።

፩. የመርሐ ግብሩ አነሣሥና እድገት

ክትባት የአንድን በሽታ ታሪክ እስከ መዝጋት እንደሚደርስ አገራችን በዓይኗ አይታለች። ትውልድን ያጠፋና ያሳወረ የነበረው ፈንጣጣ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 የተስፋፋው የክትባት መርሐ ግብር በኢትዮጵያ ተጀመረ። በዚያን ጊዜ የታለሙት በሽታዎች 6 ነበሩ፤ እነርሱም ሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ፖሊዮና ኩፍኝ ናቸው።

ዝርዝሩ ከጊዜ ወደ ጊዜ ሰፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ፔንታቫለንት የሚባለው አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከል ክትባት ገባ፤ በእርሱም ከዘጊ አናዳ፣ ከትክትክና ከመንጋጋ ቆልፍ በተጨማሪ የሄፓታይተስ ቢ እና የሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ቢ መከላከያ ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 የሳንባ ምችን የሚያስከትለውን ኒሞኮከስ የሚከላከለው፣ በ2013 የሮታ ተቅማጥ፣ በ2015 በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት፣ በ2018 መጨረሻ ለልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ፣ በ2019 ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ተከታትለው ገቡ። እነዚህ ሁሉ በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ።

፪. ክትባቱ ከማዕከል ወደ ጤና ኬላ የሚደርስበት መንገድ

የመርሐ ግብሩ ዕቅድና መመሪያ ከጤና ሚኒስቴር ይወጣል። ክትባቶቹ በመንግሥት በጀትና በዓለም አቀፍ አጋሮች፣ በተለይም በጋቪ ድጋፍ ይገዛሉ፤ በግዢው ዩኒሴፍ ከፍተኛ ድርሻ አለው። ወደ አገር ከገቡ በኋላ በኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት መጋዘኖች ተከማችተው ወደ ቅርንጫፎች፣ ከዚያም ወደ ወረዳና ወደ ጤና ጣቢያ ይሠራጫሉ።

በገጠር የመጨረሻው ደረጃ ጤና ኬላ ነው። በአሠራሩ መሠረት አንድ ጤና ጣቢያ በሥሩ 5 ጤና ኬላዎችን ይዞ ለ25,000 ያህል ሕዝብ ያገለግላል፤ አንዱ ጤና ኬላ በአማካይ ለ5,000 ሕዝብ የታሰበ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው መርሐ ግብር ያሠለጠናቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይሠሩበታል። ስለዚህ በአንድ ቀበሌ ውስጥ የተወለደውን ሕፃን ሁሉ አግኝቶ መከተብ በተግባር የሚወድቀው በሁለት ሴቶች ጫንቃ ላይ ነው ማለት ይቻላል። እነዚሁ ሴቶች የእናቶችን ጤና፣ የወባን መከላከልና የንጽሕና ትምህርትን ጭምር ይይዛሉ።

አገልግሎቱ የሚሰጠው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በጤና ተቋሙ ውስጥ የሚሰጠው ቋሚ አገልግሎት ነው። ሁለተኛው ባለሙያዋ ክትባቱን ይዛ ራቅ ወዳለ ጎጥ ወጥታ፣ በዛፍ ጥላ ወይም በአንድ አዳራሽ ሰጥታ በዕለቱ የምትመለስበት ነው። ሦስተኛው ቡድን ተደራጅቶ መንገድ ወደማይደርስባቸውና አርብቶ አደሮች ወደሚገኙባቸው ስፍራዎች የሚጓዝበት ተንቀሳቃሽ አገልግሎት ነው።

፫. የቅዝቃዜው ሰንሰለት

ክትባት እንደ እንክብል በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚቆይ አይደለም። ከፋብሪካ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ሕፃኑ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በጤና ተቋማት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ሊጠበቅ ይገባል። ሙቀት እንደሚያበላሸው ሁሉ ብርድም ያበላሻል፤ ፔንታቫለንትን የመሰለ ክትባት በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም ኃይሉን ያጣል። መብራት በሌለበት ስፍራ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ጤና ኬላ ደግሞ ክትባቱን በክትባት ቀን ከጤና ጣቢያ በበረዶ ማሸጊያ ባለው ሣጥን ያመጣል። በብልቃጡ ላይ በክብ ውስጥ ያለ አራት ማዕዘን ምልክት ይታያል፤ ውስጡ ከዙሪያው ክብ የነጣ ከሆነ ክትባቱ ለአገልግሎት ይበቃል፤ ቀለሙ ከክቡ ጋር ከተስተካከለ ወይም ከጠቆረ በሙቀት ተበላሽቷልና ይወገዳል።

ሰበካ ጉባኤ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ጉዳይ አለ። የሳንባ ነቀርሳና የኩፍኝ ክትባት ለብዙ ሕፃናት በሚበቃ ብልቃጥ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ ከተበጠበጠ ግን ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። ብክነቱን በመፍራት አንዳንድ ቦታ አንዲት እናት ብቻዋን ስትመጣ «ሌሎች ሲሰበሰቡ ነይ» ትባላለች። ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዛ የመጣች፣ ቤቷ ሌሎች ልጆች ያሉባት እናት ሳትከተብ ከተመለሰች ዳግመኛ ላትመጣ ትችላለች። እናቶች በአንድ ቀን ተሰብስበው ቢመጡ ብክነቱም መመለሱም ይቀራል፤ የክትባቱ ቀን አስቀድሞ መታወቁ ትልቅ ጥቅም ያለው ስለዚህ ነው።

፬. የጊዜ ሰሌዳው

መደበኛው የሕፃናት ክትባት ሰሌዳ እንደሚከተለው ነው።

• እንደ ተወለደ፦ የሳንባ ነቀርሳ ክትባትና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ።
• በ6ኛው ሳምንት፦ ፔንታቫለንት 1፣ የሳንባ ምች 1፣ ሮታ 1፣ የፖሊዮ ጠብታ።
• በ10ኛው ሳምንት፦ ፔንታቫለንት 2፣ የሳንባ ምች 2፣ ሮታ 2፣ የፖሊዮ ጠብታ።
• በ14ኛው ሳምንት፦ ፔንታቫለንት 3፣ የሳንባ ምች 3፣ የፖሊዮ ጠብታና በመርፌ የሚሰጥ የፖሊዮ ክትባት።
• በ9ኛው ወር፦ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት።
• በ15ኛው ወር፦ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት።

ሰሌዳው አዳዲስ ክትባቶች ሲጨመሩ ስለሚሻሻል በየጊዜው ከጤና ኬላው ጋር ማስተያየት ይገባል። ሁለት ነገሮችን ግን ሁልጊዜ ማስታወስ ይጠቅማል። አንደኛ፣ በተከታታይ በሚሰጡት ክትባቶች መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት ሊያልፍ ይገባል። ሁለተኛ፣ ያቋረጠ ሕፃን ካቆመበት ይቀጥላል፤ እንደ ገና ከመጀመሪያ አይጀምርም። «ጊዜው አልፎብኛል፤ ብሄድ እወቀሳለሁ» ብላ የምትሸሽ እናት ይህን ብትሰማ ትመለሳለች።

፭. ቁጥሮቹ ምን ይነግሩናል?

የጤና ኬላው ዓመታዊ ዕቅድ የሚነሣው ከሕዝብ ቁጥር ግምት ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በምሳሌ እንየው። በአንድ ቀበሌ 5,000 ሰው ቢኖርና በዓመት ክትባት የሚጀምሩ ሕፃናት ከሕዝቡ 3 በመቶ ናቸው ብለን ብንወስድ 150 ሕፃናት ይሆናሉ። ከእነዚህ 120ዎቹ ፔንታቫለንት 1ን ወሰዱ፤ 96ቱ እስከ ፔንታቫለንት 3 ደረሱ እንበል። በዚህ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ። 30 ሕፃናት ፈጽሞ አልጀመሩም። 24 ሕፃናት ደግሞ ጀምረው አቋርጠዋል፤ ይህም ከጀመሩት 20 በመቶ ነው። ያቋረጡት ስማቸው በመዝገብ አለ፤ ባለሙያዋ ዝርዝሩን ይዛ ቤታቸው ልትሄድ ትችላለች። ያልጀመሩት 30 ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኙም። ስማቸው የማይታወቅ ሕፃናትን ማን ይፈልጋቸዋል?

ችግሩ በዚህ አያበቃም። የሕዝብ ቁጥሩ ግምት ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ዕቅዱ 110 ሕፃናት ብቻ ተብሎ ቢያዝ፣ 120 መከተባቸው በሪፖርት ላይ 109 በመቶ ሆኖ ይነበባል። ወረዳው ምስጋና ያቀርባል፤ 30ዎቹ ሕፃናት ግን እንደ ተሸሸጉ ይቀራሉ። ለዚህ ነው ከሪፖርቱ ባሻገር ቤት ለቤት የሚደረግ ጥናት የሚያስፈልገው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት 39 በመቶ ሲሆኑ፣ 16 በመቶዎቹ አንድም ክትባት አላገኙም። በአዲስ አበባ ሁሉንም ያገኙት 89 በመቶ ሲሆኑ በአፋር 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚሁ ጥናት ፔንታቫለንት 1ን የወሰዱት 73 በመቶ፣ ፔንታቫለንት 3ን የወሰዱት 53 በመቶ ናቸው፤ ይህም ከጀመሩት 4 ሕፃናት ከ1 በላይ የሚሆኑት በመንገድ ቀርተዋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛ ጥናት ሁሉንም ያገኙት ወደ 43 በመቶ ከፍ ሲሉ፣ አንድም ያላገኙት 19 በመቶ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት ብዙ ጤና ተቋማት ተጎድተዋል፤ በተለያዩ አካባቢዎችም የኩፍኝ ወረርሽኝ ታይቷል።

ኩፍኝ ከሁሉም በላይ ክፍተትን የሚገልጥ በሽታ ነው። መከላከያ በሌለው ሕዝብ ውስጥ አንድ ሕመምተኛ ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ሰዎች ያስተላልፋል። ወረርሽኙን ለማቆም ከመቶ 95ቱ ሊከተቡ ይገባል። ስለዚህ በአንድ ጎጥ የቀሩ ጥቂት ሕፃናት ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ክትባት የሚጀምሩበት ዕድሜ ላልደረሰላቸው የጎረቤት ጨቅላዎችም ስጋት ናቸው።

፮. አርባውና ሰማንያው ቀን

እስካሁን ካየነው እንደምንረዳው የመርሐ ግብሩ ደካማ ጎን መወለዱ ያልታወቀው ሕፃን ነው። በአጥቢያችን ግን እንዲህ ያለውን ሕፃን የሚያውቅ አንድ መዝገብ አለ፤ እርሱም የጥምቀት መዝገብ ነው። በቤት የተወለደ፣ ጤና ኬላ ያልደረሰ፣ በቀበሌ ያልተመዘገበ ሕፃን እንኳ ወንድ ቢሆን በ40፣ ሴት ብትሆን በ80 ቀን ወላጆቹና የክርስትና አባት ወይም እናት ይዘውት ይመጣሉ።

አሁን ሁለቱን የቀን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። 6 ሳምንት 42 ቀን ነው፤ 10 ሳምንት 70 ቀን፤ 14 ሳምንት ደግሞ 98 ቀን። ወንድ ልጅ ክርስትና በተነሣ በ2ኛው ቀን የመጀመሪያው ፔንታቫለንት ይደርሳል። የሴት ልጅ ነገር የተለየ ነው። በ80ኛው ቀን ለጥምቀት ስትመጣ የ6ኛውም የ10ኛውም ሳምንት ክትባት ሊሰጣት ይገባ ነበር። እናቲቱ «ከክርስትናው በፊት ከቤት አልወጣም» ብላ ብትቆይ ልጅቱ የመጀመሪያውን ክትባት ከ80 ቀን በኋላ ታገኛለች፤ 4 ሳምንት እየተጠበቀ ሲሰጣትም በ98ኛው ቀን ሊፈጸም ይገባ የነበረው ሦስተኛው በ136ኛው ቀን ግድም ይሆናል። ትክትክ ይበልጥ የሚገድለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ያሉ ጨቅላዎችን ነውና 38 ቀን እንደ ቀላል የሚታይ መዘግየት አይደለም።

በዚህ ላይ አባቶች ካህናት ሊናገሩት የሚችሉት፣ የጤና ባለሙያዋ ግን ልትናገረው የማትችለው አንድ ቃል አለ። የ40ና የ80 ቀን ሥርዓት ወደ ቤተ መቅደስ መግባትን የሚመለከት ነው፤ እናት ልጇን ወደ ጤና ኬላ እንዳትወስድ አይከለክልም። ይህን ቃል የንስሐ አባት በአራስ ቤት ጸሎት ሲያደርጉ ለእናቲቱ፣ ለባልዋና ለአማትዋ ቢነግሯቸው ብዙ ቤቶች ይፈታሉ። ከባለሙያዋ አፍ ቢወጣ ግን ሥርዓትን እንደ መንካት ሊቆጠር ይችላል።

፯. ሰበካ ጉባኤው ሊፈጽማቸው የሚችሉ ተግባራት

ሀ. በጥምቀት ምዝገባ ጊዜ የክትባት ካርድ መጠየቅ። መዝጋቢው የሕፃኑን ስምና የልደት ቀን ሲጽፍ «ካርዱ አለ?» ብሎ ይጠይቅ፤ በመዝገቡ ዳር «ጀምሯል» ወይም «አልጀመረም» ብሎ ያመልክት። ይህ ጥያቄ በምንም መልኩ የጥምቀት ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይገባም። ካርድ የለውም ተብሎ የሚመለስ ሕፃን ሊኖር አይችልም፤ እንዲህ ከተደረገ እናቶች ከሁለቱም ይሸሻሉ።

ለ. በወር አንድ ጊዜ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር መገናኘት። ያልጀመሩትን ሕፃናት ስም በወላጆቻቸው ፈቃድ መስጠት፣ ያቋረጡትንም ከእርስዋ ተቀብሎ በንስሐ አባቶች በኩል ማሳሰብ ይቻላል። ስሞቹ በዐውደ ምሕረት አይነበቡም፤ ማንም ወላጅ በሕዝብ ፊት አይወቀስም።

ሐ. የክትባት ቀንን ከአጥቢያው ቀን ጋር ማስማማት። የክትባቱ ቀን ከገበያ ጋር ሲጋጭ እናቶች ይቀራሉ። በአንጻሩ በወር በዓላት ሕዝቡ ከእርሻ አርፎ ይሰበሰባል፤ ከባለሙያዋ ጋር በመመካከር በእነዚህ ቀናት ከቅጽሩ ውጭ ጥላ ያለው ስፍራ፣ ጠረጴዛና ወንበር ማዘጋጀት ይቻላል። ከቅጽሩ ውጭ መሆኑ አርባና ሰማንያ ቀናቸው ያልደረሰ እናቶችም እንዲመጡ ያስችላል።

መ. ወሬን በእርጋታ መመለስ። ክትባት መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ በተለይ ለልጃገረዶች በሚሰጠው ላይ ይነሣል፤ እውነትነት የለውም። ከክትባት በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ትኩሳትና የመርፌው ቦታ ሕመም የተለመደ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳው ክትባት ትንሽ ቁስል አውጥቶ ጠባሳ ይተዋል፤ በላዩ ምንም አይደረግበትም። ቀላል ጉንፋን ልጁን ከመከተብ አያግድም። ከዚህ ያለፈ ጥያቄ ሲመጣ ከግምት ይልቅ ባለሙያዋን በጉባኤው ፊት አቅርቦ ማስመለስ ይሻላል። ከባድ ምልክት የታየበት ሕፃን ግን ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ሠ. በሽታን ማሳወቅ። ትኩሳት ከሽፍታ ጋር የታየበት፣ እግሩ ወይም እጁ በድንገት የዛለ ልጅ፣ ጡት መጥባት አቁሞ ሰውነቱ የሚገተር ጨቅላ ሲገኝ ያኔውኑ ለጤና ኬላው መንገር ያስፈልጋል። ወደ ጠበል የመጣ ሕፃን ቢሆንም ጸሎቱና ሕክምናው አብረው እንዲሄዱ መምከር የአባቶች ድርሻ ነው።

በመጨረሻም የጥምቀት መዝገባችን የቀበሌውን ሕፃናት ሁሉ እንደማይይዝ ልናስታውስ ይገባል። የሙስሊም ወገኖቻችንና የሌሎች እምነት ተከታዮች ልጆች በእርሱ ላይ አይገኙም፤ ኩፍኝ ግን አጥር አይለይም። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ከመስጊድ ኮሚቴ፣ ከሌሎች ቤተ እምነቶችና ከእድር መሪዎች ጋር ተቀምጦ ሁሉም በየመዝገቡ ያለውን እንዲያመጣ ቢያደርግ በቀበሌው ውስጥ ያልታወቀ ሕፃን የሚቀርበት ቦታ ይጠባል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፉት 12 ወራት በአጥቢያችን ክርስትና የተነሡ ሕፃናት ስንት ናቸው? በዚሁ ጊዜ ጤና ኬላው ፔንታቫለንት 1 ከሰጣቸው ሕፃናት ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ምን ያሳያል?
2. በአጥቢያችን የሴት ልጅ እናቶች ከ80 ቀን በፊት ወደ ጤና ኬላ ይሄዳሉ? ካልሄዱ ምክንያቱ ሥርዓት ነው፣ ርቀት ነው ወይስ የቤት ሥራ ጫና?
3. የክትባቱ ቀን መቼ እንደ ሆነ ከጉባኤው አባላት ስንቶቻችን እናውቃለን?
4. በጥምቀት መዝገቡ ላይ አዲሱን ዓምድ የሚሞላውና በየወሩ ከባለሙያዋ ጋር የሚገናኘው አገልጋይ ማን ይሁን?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊገኝ የሚችል ነው፤ መዝገቡ በደብሩ ጽሕፈት ቤት አለና። ጉባኤው ሥራውን ከእርሱ እንዲጀምር እንመክራለን፤ የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት የስንት ሕፃናትን ቤት ማንኳኳት እንዳለብን ይነግረናል።